አራተኛው ቤት

የኔታን የተሸከመችው በቅሎ ወንዙ መሐል ስትደርስ ቆመች። ታኅሣሥ ነው፤ ውኃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ እሷ ግን ክረምት ላይ ዓባይ ዳር የደረሰች ይመስል ጆሮዋን ቀስራ አልሻገርም አለች።

«እንዳላማው፣ ይህች በቅሎ ምን ነካት?» አሉኝ ከላይ ሆነው።

«አምና እዚሁ ላይ አዞ ጅራቷን ቆርጧት ነበር፣ የኔታ። ከዚያ ወዲህ ውኃ አትወድም።»

ዘወር ብለው አዩ። «ጅራቷ ሙሉ ነው።»

«በዓመቱ አበቀለችው።»

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ከጅራቷ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ዳዊት ደግመሃል?»

«እስከ ሠላሳኛው መዝሙር፣ የኔታ። እዚያ ስደርስ መምህሩ ሞቱ።»

«በምን?»

«በእኔ።»

ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በቅሎዋም ተንቀሳቀሰች፤ ተሻገርን። ይህን ማስቀደሜ ያን ጧት ልቤ ምን ያህል ቀሎ እንደ ነበር እንዲታወቅልኝ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ በገዛ ምላሴ ቤት ላፈርስ ስሄድ መንገዱን ሁሉ ሳፏጭ ነበር።

የኔታን ከዲማ ያስመጣናቸው ዘር እንዲቆጥሩ ነው። የወንድሜ ልጅ እስከዳር ልታገባ ነው። በእኛ በኩል ቀለበት ከመታሰሩ በፊት የሁለቱ ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ስም ከስም ከተገናኘ ጋብቻ የለም፤ ፍቅር ቢኖርም ድግሱ ተጠምቆ ቢሆንም የለም። ሙሽራው ዲያቆን ሲሆንማ፣ ነገ ቅስና የሚቀበል ሰው ነውና፣ ቆጠራው በጎረቤት ሽማግሌ አያልቅም። ሊቅ ይጠራል። ከአምበር አስፋልት ላይ ከመኪና አውርጄ በበቅሎ ወደ ቀበሌያችን ሳመጣቸው ነው እንግዲህ።

አባቷ አበባው ታላቅ ወንድሜ ነው። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ሲዘምት ሚስቱን ማንጠግቦሽን ነፍሰ ጡር አድርጎ ተዋት። በሰኔው ምጥ ጠናባትና በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት አደረስናት፤ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄደች። ለማስታመም የተከተለቻት እናቴ በማግሥቱ ራሷ ታማ ስለ ተመለሰች ማንጠግቦሽ ብቻዋን ቀረች፤ በሳምንቱም ብቻዋን እስከዳርን ታቅፋ ከአውቶቡስ ወረደች። ሕፃኗ እንደ ዱባ የፋፋች ነበረች። «ማርቆስ ላይ ልጅ በኪሎ ነው የሚሰጡት» እያልኩ ለአገሩ አወራሁ። አበባው አልተመለሰም። መርዶው የመጣው በአራተኛው ዓመት ነው። ማንጠግቦሽ ሌላ ባል አላገባችም፤ እኔም ወንድሜ ሲናፍቀኝ የማየው የእስከዳርን አካሄድ ነበር፤ ልክ እንደሱ ተረከዟን እየጎተተች ትሄዳለች እያልኩ።

አሁን ሃያ ዓመት አልፏታል። ጤና ኬላችን ውስጥ ትሠራለች። ዲያቆን ታዲዮስ አራት ዓመት ጠብቋታል። የይጁቤው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ስልኩ ውስጥ የዜማ ቅጂ እንጂ ሌላ የሌለው። «እሱ ካልሆነ ማንም አይሆንም» ብላናለች እስከዳር፣ እናቷ ፊት፣ እኔ ፊት። እንዲህ ያለ ቃል ሁለት ጊዜ የምትናገር ልጅ አይደለችም።

ከቆጠራው በፊት ስለ ቅድመ አያቴ አንድ ነገር ማለት አለብኝ።

ቅድመ አያት የለኝም። አያታችን አማረ ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሞፈር ተሸክሞ የሰው ቤት ሊያርስ መጣ፤ አረሰ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ሞተ። አባቴ ፈንታ ሲጠየቅ «አባቴ አማረ ነው፤ የአማረን አባት እግዜር ያውቀዋል» ይል ነበር፤ አያፍርም። እኔ ግን በልጅነቴ ከብት ሳግድ «ሥር የለሽ» እየተባልኩ ተደብድቤበታለሁ። ጎረምሳ ሆኜ አንድ ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ጠላ ቤት ተቀምጬ ሳለ አንዲት አዝማሪ ፊታውራሪ ድረስ ስለሚባል ጀግና ስትገጥም ሰማሁ። ስሙ ጣፈጠኝ። ሌላው ሰው ከገበያ ጨው ይዞ ይመለሳል፤ እኔ ቅድመ አያት ይዤ ተመለስኩ። ለማስረጃም በአንድ ጠቦት ዝገት የበላው ጎራዴ ለውጬ ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኩ።

ሠላሳ ዓመት አወራሁት። ፊታውራሪው በአንድ ጀንበር ሰባት ጎሽ ገድሎ፣ ስምንተኛው በገዛ እጁ ቀንዱን አስረክቦ ታርቆታል። ንጉሥ ሲያስጠራው «ይምጡና ያነጋግሩኝ» ብሏል። መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ ቆይቶ ዝም አሉ፤ ኋላ አመኑ። አሁን አሁንማ የደብራችን ሰው ለእኔው መልሶ ያወራልኛል፤ እኔ ያልጨመርኩትን ሁሉ እየጨመረ።

የተቀመጥነው አውድማው ላይ ነው፤ ስንዴው ተወቅቶ ገብቷል፣ ወለሉ በእበት የተለቀለቀ ንጹሕ ነው። ጫማችንን ዳር አውልቀናል። በአንድ ወገን ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከሁለት ሽማግሌዎቻቸው ጋር፣ አጠገባቸው ታዲዮስ። በእኛ ወገን እኔና የሰፈሩ ሽማግሌዎች። ሴቶቹ ከወለሉ ውጭ ጭድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንጠግቦሽ ከእነሱ ጋር። እስከዳር የእጅ ውኃ ይዛ ቆማለች።

የኔታ ከቀሚሳቸው ኪስ እፍኝ ባቄላ አወጡ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ባቄላ ወለሉ ላይ ያስቀምጣሉ።

«የሙሽሪት አባት?»

«አበባው» አልኩ። አንድ ባቄላ።

«የአበባው?»

«ፈንታ።» ሁለት።

«የፈንታ?»

«አማረ።» ሦስት።

«የአማረ?»

እዚህ ላይ «እግዜር ያውቀዋል» ብል የኔታ ጢማቸውን ዳብሰው ወደ እናትየው ወገን ይዞሩ ነበር። ያልታወቀ ያልታወቀ ነው። ግን ቄስ ኃይለ ሚካኤል እዚያ ነጭ ጥምጣማቸውን እንደ ደመና ከምረው፣ ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፉ ያዩኛል። የአባቶቻቸው ሥር ድንጋይ ሰንጥቆ የወረደ ሰው ናቸው። ደረቴን ነፋሁ።

«ፊታውራሪ ድረስ» አልኩ።

ጭራው ቆመ።

«የትኛው ድረስ?» አሉ ቄሱ።

«ፊታውራሪ ድረስ ስንት ነው፣ አባ? አንድ ነው።»

«የይጁቤው?»

«አገሩ ይጁቤ ነው። ጎራዴው እኔ ቤት ተሰቅሏል፤ ከፈለጉ ላስመጣ።»

ቄሱ ወደ የኔታ ዞሩ፤ ድምፃቸው ሲወርድ ተሰማኝ። «የእኔን ይቁጠሩ፣ የኔታ። ታዲዮስን የወለድኩ እኔ ነኝ። እኔን የወለደ አብይ። የአብይ እናት ወለተ ሚካኤል ናት።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የወለተ ሚካኤል አባት ፊታውራሪ ድረስ ነው።»

የኔታ በእነሱ በኩል ሦስት ባቄላ ደረደሩ። አራተኛውን አላስቀመጡም። በእኛ ረድፍ ጫፍ ላይ ያለችውን ባቄላ በጣታቸው ገፋ አድርገው ሁለቱ ረድፎች መሐል አደረጓት።

«አራተኛው ቤት ላይ ተገናኙ» አሉ። «ልጆቹ ወንድምና እኅት ናቸው። አይሆንም።»

ታዲዮስ ባቄላዋን ሲያይ ነበር። እስከዳር ግን እኔን አየችኝ። ጀሪካኑን ቀና አድርጋ መያዝ ረስታው ውኃው እግሯ ላይ ይፈስሳል፤ አላወቀችም።

«ዋሽቻለሁ፣ የኔታ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ፊታውራሪውን። ቅድመ አያቴ አይደለም። ከገበያ ነው የሰማሁት። የአማረ አባት አይታወቅም። ጎራዴውን በጠቦት ነው የለወጥኩት፤ ጠቦቷ እንኳ አንድ ዓይና ነበረች።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። «አሁን ነው የሚዋሸው፣ የኔታ። ለልጅቱ ብሎ ነው። የፊታውራሪውንማ እኔም ከአባቴ ሰምቻለሁ።»

«ከአባትህ አልሰማህም፤ ከእኔ ነው የሰማኸው።»

«ከአባቴ ነው።»

«አባትህ ከእኔ ነው የሰማው።»

«ጎራዴው ላይ ስሙ ተጽፏል» አለ ሌላው። ጎራዴው ላይ ዝገት እንጂ አንዲት ፊደል የለችም፤ እሱም ፊደል አያነብም፤ ግን አምኖ ነው የሚናገረው።

«መጽሐፍ መትቼ እምላለሁ» አልኩ፤ ጉልበቴ መሬት ነክቷል።

የኔታ ሲያዩኝ ቁጣ አልነበረባቸውም። «ጧት በቅሎዋ ጅራት አበቀለች ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ የትኛውን ምላስህን ልመን? ነፍስህን አታስይዝ፣ ልጄ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ምላስ በአንዲት የቸገረች ቀን ምንም አልገዛልኝም። ቄሱ ጥምጣማቸውን አስተካክለው ሊነሡ ነው፤ ታዲዮስ አልተነሣም፤ ሁለት እጁን ወለሉ ላይ ዘርግቶ የሚይዘው ያጣ ሰው ይመስላል።

ያኔ ማንጠግቦሽ ከጭዱ ላይ ተነሣች። ላስቲክ ጫማዋን ዳር ላይ አውልቃ፣ አንዱን ካንዱ አስተካክላ አስቀምጣ፣ ወደ ወለሉ ገባች። የኔታ ፊት ስትደርስ ነጠላዋን አደገደገች።

«ልጅቱ የአበባው አይደለችም» አለች።

ጭድ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ስታማትብ ሰማሁ። በየፊቱ የመጣውን ሐሳብ ለማንበብ ዳዊት መድገም አያስፈልግም ነበር።

«ባልሽ ዘማች ሆኖ?» አሉ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቀስ ብለው።

«ዋርሳዬ፣ አፍሽን ያዢ» አልኩ። እጄ ዱላ ፈልጎ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ አላውቅም።

«ከማን ናት?» አሉ የኔታ።

«ከማንም አይደለችም፣ የኔታ። እኔም አልወለድኳትም።» ወደ ሴቶቹም ወደ እኔም አላየችም፤ ወደ ባቄላዎቹ ነው የምታየው። «እኔ የወለድኩት ወንድ ነበር። ሞቶ ነው የወጣው። የሆስፒታሉ ዘበኛ ወስዶ ቀበረልኝ። ይህችን መነኸሪያ ላይ አንዲት ሴት ሰጠችኝ፤ ማሳደግ አልችልም ብላ። የአበባው ዘር አይደለችም፤ የእኔም አይደለችም። እንዳላማው እውነት ተናገረም አልተናገረም ቆጠራው እሷን አይነካትም።»

ተረከዟን እየጎተተች የምትሄደው ልጅ፣ እኔ ወንድሜ ሲናፍቀኝ ከኋላዋ ቆሜ የማያት፣ የማንም ተረከዝ አልነበራትም። የአበባው መርዶ ሁለተኛ ጊዜ መጣ፤ በዚህኛው ግን የሚያለቅስ ዘመድ አልተጠራም።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከከፈቱ በኋላ የጠየቁትን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

«አጥብተሻታል?»

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጠበቀች።

«የምጠይቅሽ ወድጄ አይደለም፣ ልጄ። የጡት ልጅ ልጅ ናት። ያ ወተት በአበባው ፅንስ የመጣ ወተት ነው። ካጠባሻት የአንቺም የእሱም ናት፤ ቆጠራው እንዳለ ይቆማል። ካላጠባሻት ባዳ ናት።»

ስታጠባት አይቻለሁ። የአበባው ማሳ ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አምበር ገበያ ድንች ዘርግታ እየሸጠች። ልጅቱ አፏን ከፍታ ማውራት ከጀመረች በኋላ እንኳ «ቆይ፣ ጡቴን ጠብቼ ልምጣ» ብላ ከእኔ ተረት መሐል ተነሥታ ትሄድ ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም ያየሁት። ጭዱ ላይ ያሉት አራቱም ሴቶች አይተዋል።

ማንጠግቦሽ ዞራ ልጅቱን አየቻት። ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ሰው ከበር ሲወጣ ቤቱን እንደሚያየው ያህል።

«አላጠባኋትም» አለች። «ልጁ ሲሞት ወተቴም ደረቀ። በላም ወተት ነው ያሳደግኳት።»

«ምስክር አለ?»

አራቱ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። አንዷም ቃል አልተነፈሰች። እግዜር ይስጣቸው።

ተነሣሁ። «እኔ ነበርኩ የማልበው፣ የኔታ» አልኩ። «ቡሬ የምትባል ላም ነበረችን። ጧትና ማታ እያለብኩ አመጣላት ነበር።»

ላሟ እንደ ሰው ታወራለች አላልኩም። ወተቷ ወንዝ ሞላ አላልኩም። የቀንዷን ጠማማነት እንኳ አላነሣሁም። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ቡሬን አስታውሳታለሁ» አለ አንዱ፤ ቡሬ የምትባል ላም ኖራን አታውቅም። አመኑኝ።

የኔታ ያመኑ አይመስለኝም። መጀመሪያ የእኔን ፊት፣ ቀጥሎ የሴቶቹን ማቀርቀር አዩ። ከዚያ በመዳፋቸው ጠርዝ የእኛን ረድፍ ባቄላ አንድ በአንድ ጠረጉና ወደ ኪሳቸው መለሱ። በእኛ በኩል ባዶ ወለል ቀረ።

«ባዳ ናት» አሉ። «የማይታወቅ አይቆጠርም። ከከለከልኩ ግፍ ነው።»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ግን ጭራቸውን አንሥተው ነበር። «አጥንቷ ሳይታወቅ፣ የኔታ? ልጄ ነገ መቅደስ ሊገባ ነው። ከማን እንደ ተወለደች—»

«አባቴ» አለ ታዲዮስ። ጧት ከመጣ ጀምሮ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው። «የማገባው አጥንቷን አይደለም።»

ቄሱ ልጃቸውን አዩት፣ የኔታን አዩ፣ ጭራውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። አለቀ። ጥር ሃያ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተመራረቁ፤ ምሳ ይቅረብ ተባለ። ማንጠግቦሽ ወለሉን ለቅቃ ስትወጣ ጫማዋን ማድረግ ረሳች።

እኔ ለበቅሎዋ ጭድ ልወስድ ብዬ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ክምር ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ከምሳው መሸሼ ነበር። ከክምሩ ማዶ እናትና ልጅ ቆመዋል። መውጣትም መግባትም አቃተኝ፤ ጭዱን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

«ሬት የቀባሽው ምንሽ ላይ ነው?» አለች እስከዳር።

መልስ ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ጡት ልታስጥዪኝ። ሦስት ዓመቴ ነበር። ምሬቱ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ።»

«ለእነሱ ያልኩት ነው።»

«አውቃለሁ ለእነሱ መሆኑን። እኔ የምጠይቅሽ ሌላውን ነው። ሰጠችኝ ያልሽው ለማን ነው? እሱም ለእነሱ ነው?»

ዶሮ ክምሩ ላይ ወጥታ ጫረች፤ ወረደች። ማንጠግቦሽ ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

«ልጄ በሞተ በሦስተኛው ቀን ነው። ጡቴ አብጦ በነጠላ አስሬዋለሁ፤ ትኩሳት አለብኝ። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ደጀን የሚሄደው አውቶቡስ ደጃፍ ቆሜያለሁ። አንዲት ልጅ መጣች። ተማሪ ትመስላለች፤ ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ‹እትዬ፣ ትኬት ቆርጬ እስክመጣ ያዢልኝ› አለችኝ። ያዝኩሽ። አለቀስሽ። አንቺ ስታለቅሺ ወተቱ በነጠላው ላይ ፈሰሰ። ፈታሁት፤ ያዝሽኝ። ረዳቱ አምበር፣ አምበር ይላል። ሰው ከኋላ ገፋኝ፤ ገባሁ፤ ተቀመጥኩ። መኪናው ሲነሣ አንቺ አልለቀቅሽኝም፤ ልነጥልሽ አልቻልኩም።»

«ቁም ማለት አትችይም ነበር?»

«እችል ነበር።»

እስከዳር ክምሩን ተደግፋ ተቀመጠች፤ የተከመረው ጭድ ሲፈስ ሰማሁት።

«አባትሽ… አበባው ግንባር ነው ያለው። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ ‹ልጄስ?› ነው የሚሆነው። ‹ሞተ› ልለው ነው? እሱ ከሞት አምልጦ መጥቶ? እስኪመለስ ብቻ ብዬ ነበር። በአራተኛው ዓመት መርዶው መጣ። የዚያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ስመልስሽ አደርኩ፤ በሐሳቤ። ለማን እንደምመልስሽ አላውቅም። ጧት ተነሥተሽ ‹እማዬ አታልቅሺ፣ እኔ አለሁ› አልሽኝ። ተውኩት።»

«አየችሽ? ልጅቱ?»

«አየችኝ። መኪናው ከበሩ ሲወጣ ደረሰች። ሮጠች። አንድ ጫማዋ ወለቀ፤ አላነሣችውም። በመስታወቱ አየኋት፤ አየችኝ።»

«ምን ትል ነበር?»

«አልሰማሁም። ሞተሩ ይጮሃል።»

«እማዬ።»

«አልሰማሁም አልኩሽ።»

«ሃያ ዓመት አውቅሻለሁ። አንድ ጊዜ ዋሽተሽ ነበር፤ ዛሬ፣ አውድማው ላይ። ፊትሽ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ።»

«ሂዊ» አለች ማንጠግቦሽ። «‹ሂዊ፣ ሂዊ› እያለች ትጠራሽ ነበር።»

ጭዱን ለበቅሎዋ ወስጄ ሰጠሁ፤ በላች። እንስሳ መሆን አንዳንዴ ደግ ነው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ እስከዳር ቦርሳዋን አንግታ ደጄ ላይ ቆመች። ማታ ለታዲዮስ ደውላለች። «ጥር ይቆየን» ብላዋለች፤ «እስከ ግንቦት እጠብቃለሁ፣ ካልሆነም እስከ መጪው ጥር» ብሏታል። ወደ ደብረ ማርቆስ ልትሄድ ነው። መነኸሪያው አካባቢ የኖሩ ሰዎች፣ የዚያን ጊዜ ረዳቶች፣ በዘጠና አንድ የተማሩ ሴቶች፤ ከእያንዳንዱ ልትጠይቅ ነው።

«እኔ ልከተልሽ» አልኳት። «ምላስ አለኝ፤ ሰው አናግራለሁ።»

«ምን ብለህ ታናግራለህ፣ ጋሽ እንዳላማው?»

እስከ ትናንት አጎቴ ነበር የምትለኝ። ማስተካከል ፈለግኩ፤ በምን ሥልጣን?

ማንጠግቦሽ ከቤት ወጣች። ለበዓል የምትለብሰውን ጥበብ አልለበሰችም፤ የዘወትሩን ነው። ትንሽ ፌስታል ይዛለች።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«አንቺ ቅሪ» አለች እስከዳር።

«ብቻሽን ብታገኚያት አታውቂያትም። ፊቷን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ሃያ ዓመት አልፏል። ያኔ ልጅ ነበረች። ፊት ይለወጣል።»

«ይለወጣል» አለች ማንጠግቦሽ። «ሲለወጥ ሳየው ነው የኖርኩት። አንቺ አሥር ዓመት ሲሞላሽ፣ አሥራ አምስት ሲሞላሽ፣ አንቺ ላይ። አሁን ምን እንደምትመስል አውቃለሁ።»

እስከዳር አፏን ከፈተች፤ ዘጋችው። ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረችና ቁልቁለቱን ጀመረች። ማንጠግቦሽ ተከተለቻት። ድሮ ወደ ገበያ ሲሄዱ ትከሻ ለትከሻ ነበር የሚሄዱት፤ አሁን በመሐላቸው ሰው ቢገባ ይበቃዋል። ልጅቱ ትፈጥናለች። እናትየዋ ጉልበቷን ያማታል፤ ቁልቁለት አትችልም፤ ክፍተቱ እየሰፋ ሄደ። ልጠራቸው ፈለግኩ፤ ምን ብዬ እንደምጠራቸው ግን አልመጣልኝም።

ከአፋፉ ላይ ሆኜ ሳያቸው፣ ወንዙን ተሻግራ የአስፋልቱ ቦይ ዳር ስትደርስ እስከዳር ቆመች። ወደ ኋላ አልዞረችም። አንገቷን እንኳ አላዘነበለችም። አውቶቡስ ከወዲያ ሲመጣ ይታያል፤ እጇን አልዘረጋችም። ዝም ብላ ወደ ፊት እያየች ቆማ ቆየች፤ ማንጠግቦሽ አጠገቧ እስክትደርስ።